ኢኮኖሚክስን ከገበያ መጀመር፦ ለጀማሪ ተማሪዎች የአጠናን መመሪያ

ኢኮኖሚክስ ከባድ ነው የሚሉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ግን የከበዳቸው ትምህርቱ ሳይሆን አጠናኑ ነው። ትርጉሙን ይሸመድዳሉ፤ ግራፉን ከሰሌዳ ይገለብጣሉ፤ ፈተና ላይ ቁጥሩ ሲቀየር ግራ ይገባቸዋል። የእኔ ምክር አንድ ነው፦ መጀመሪያ ገበያ ውጡና ቁጥር ሰብስቡ፣ መጽሐፉን ከዚያ በኋላ ክፈቱት።

ሰሜን ሸዋ ደግሞ ለዚህ የተመቸ አገር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንችና በግ ትሸጣለች። ከዚያ የደሴን መንገድ ይዛችሁ ጣርማ በርን ስታልፉ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት ታገኛላችሁ። በአንድ ቀን መንገድ ላይ ደጋና ቆላ ሲገበያዩ ማየት ይቻላል። ለኢኮኖሚክስ ተማሪ ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

መመሪያው ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል፣ እንዲሁም ዩኒቨርሲቲ ገብተው መግቢያ ኢኮኖሚክስ ለሚወስዱ ተማሪዎች ነው። በስሌቶቹ ውስጥ ያሉት ዋጋዎች ለማስረዳት የተሰጡ ናቸው። እናንተ የራሳችሁን ቁጥር ትተኩባቸዋላችሁ።

1. አንድ ዕቃ፣ አንድ ገበያ፣ አንድ ደብተር

አንድ ዕቃ ብቻ ምረጡ። ድንች፣ ባቄላ፣ ሽንኩርት፣ እንቁላል፣ የፈለጋችሁት ይሁን። በየሳምንቱ በዚያው የገበያ ቀን፣ በተቀራራቢ ሰዓት ሄዳችሁ ዋጋውን መዝግቡ። ጠዋትና ማታ ዋጋ ይለያያል፤ ሰዓቱን ካልጠበቃችሁ መዝገባችሁ ይዛባል።

ደብተራችሁ ላይ አምስት ዓምድ አስምሩ፦ ቀን፣ የተጠራው ዋጋ፣ የተሸጠበት ዋጋ፣ መለኪያ፣ ማስታወሻ። የተጠራውና የተሸጠበት ዋጋ አንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው ክርክር አለ። ለስሌት የሚሆናችሁ የተሸጠበት ነው።

መለኪያው ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ገበያችን ውስጥ ኪሎም አለ፣ ጣሳም አለ፣ ቁናም አለ፣ መደብም አለ። ሁሉንም ወደ ኪሎ ቀይራችሁ ጻፉ። አንድ መደብ ድንች ገዝታችሁ ቤት ሚዛን ላይ ብታስቀምጡት ይበቃል። ምርቃቱንም አትርሱ። አንዲት ሻጭ በ100 ብር ሁለት ኪሎ ሰጥታ ግማሽ ኪሎ ብትመርቅ፣ ዋጋው በኪሎ 50 ብር ሳይሆን 40 ብር ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ጥሪው ያው 100 ሆኖ ምርቃቱ ከቀረ፣ ድንቹ በኪሎ 10 ብር ተወድዷል ማለት ነው። ማንም «ዋጋ ጨመርኩ» አላለም፤ ዋጋው ግን ጨምሯል። ይህን ያየ ተማሪ የገበያን ዋጋ ማንበብ ጀምሯል።

ስትጠይቁ በአክብሮት ይሁን። «እማማ፣ ለትምህርት ነው፤ ዛሬ ድንቹ በስንት ሄደ?» ማለት ይበቃል። ገበያው በደመቀበት ሰዓት ሻጭ አታስቁሙ። ረፈድ ሲልና ሲረጋጋ ጠይቁ።

2. የምርጫን ዋጋ ማስላት

ኢኮኖሚክስ የሚነሳው ከእጥረት ነው። መሬቱ፣ ጊዜውና ገንዘቡ ውስን ነው፤ ፍላጎት ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ሰው ይመርጣል። ሲመርጥ ደግሞ የሚቀርበት ነገር አለ። ከቀሩት አማራጮች ውስጥ የተሻለው፣ እሱ ነው ኦፖርቹኒቲ ኮስት የሚባለው።

ባሶና ወራና ውስጥ አንድ ጥማድ መሬት ያለው ገበሬ አስቡ። ባቄላ ቢዘራ ወጪው ተቀንሶ 30,000 ብር፣ ገብስ ቢዘራ 26,000፣ ድንች ቢተክል 24,000 ያገኛል እንበል። ባቄላ መረጠ። ኦፖርቹኒቲ ኮስቱ ስንት ነው? ብዙ ተማሪ 26,000 እና 24,000 ደምሮ 50,000 ይላል። ስህተት ነው። መሬቱ አንድ ነው፤ ገብስና ድንችን በአንድ ጊዜ ሊዘራበት አይችልም። የቀረበት የተሻለው አማራጭ ብቻ ስለሆነ መልሱ 26,000 ነው።

ዩኒቨርሲቲ የመግባት ኦፖርቹኒቲ ኮስት ሲጠየቅም እንዲሁ ነው። ሥራ ብትይዙ ታገኙት የነበረው ደመወዝ ይገባል። የምግብ ወጪ ግን፣ ቤት ብትሆኑም ስለምትበሉ፣ ልዩነቱ ብቻ ነው የሚገባው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ኮምፓራቲቭ አድቫንቴጅ ነው፤ አንድን ነገር ከሌላው ሰው ባነሰ ኦፖርቹኒቲ ኮስት መሥራት መቻል ማለት ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1817 ያብራራው እንግሊዛዊው ዴቪድ ሪካርዶ ነው። እኛ ግን መንዝ ውስጥ እንስራው፤ እዚያ ሱፍ ተፈትሎ ባና ይሠራል። ሁለት እህትማማቾች አሉ። ታላቋ በቀን 6 ልቃቂት ሱፍ መፍተል ወይም 60 እንጀራ መጋገር ትችላለች። ታናሿ 2 ልቃቂት ወይም 40 እንጀራ። ታላቋ በሁለቱም ትበልጣለች። ታዲያ ሥራ መከፋፈል ለምን ያስፈልጋቸዋል?

አስሉት። ለታላቋ አንድ ልቃቂት 10 እንጀራ ያስቀርባታል። ለታናሿ 20 እንጀራ። እንግዲህ ፈትል ለታላቋ ይረክሳል፣ እንጀራ ለታናሿ ይረክሳል። እያንዳንዳቸው ቀኑን ለሁለት ቢከፍሉ ደምሩት፦ 3 ሲደመር 1፣ 4 ልቃቂት፤ 30 ሲደመር 20፣ 50 እንጀራ። አሁን ታናሿ ሙሉ ቀን ትጋግር፦ 40 እንጀራ። ታላቋ 4 ልቃቂት ትፍተልና በቀራት ሲሶ ቀን 20 እንጀራ ትጋግር። ድምሩ 4 ልቃቂትና 60 እንጀራ ሆነ። ማንም ተጨማሪ ሰዓት ሳይሠራ 10 እንጀራ ተገኘ። የደጋው በግና የቆላው ሽንኩርት በአንድ መንገድ ላይ የሚተላለፉት በዚሁ ስሌት ነው።

3. የፍላጎት ሰንጠረዥ ሥሩ

አሁን ወደ ድንቹ እንመለስ። ከጎረቤት አሥር ቤቶች ምረጡ። «ኪሎው 20 ብር ቢሆን በሳምንት ስንት ኪሎ ትገዛላችሁ? 30 ቢሆንስ?» እያላችሁ እስከ 60 ጠይቁ። የሁሉንም መልስ በየዋጋው ደምሩ። እንዲህ ወጣ እንበል፦

በ20 ብር፦ 50 ኪሎ
በ30 ብር፦ 40 ኪሎ
በ40 ብር፦ 30 ኪሎ
በ50 ብር፦ 20 ኪሎ
በ60 ብር፦ 10 ኪሎ

የእያንዳንዱ ቤት መልስ የግለሰብ ፍላጎት ነው። ድምሩ የገበያ ፍላጎት ነው። ዋጋ ሲጨምር የሚገዛው መጠን ይቀንሳል፤ የፍላጎት ሕግ የሚባለው ይኸው ነው። ሰንጠረዡን በቀመር ብትጽፉት፣ የሚፈለገው መጠን = 70 − ዋጋ ይሆናል። በ20 ተኩትና 50 ሲወጣ እዩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በኢኮኖሚክስ ፍላጎት ማለት መመኘት ብቻ አይደለም። መፈለግም መክፈል መቻልም አብረው መኖር አለባቸው። በግ የሚመኝ ብዙ ነው፤ ለበግ ገበያው ፍላጎት የሚቆጠረው ግን ገንዘብ ይዞ የመጣው ነው።

4. አቅርቦቱን ጨምሩና ሚዛኑን አግኙ

ከሻጮች ደግሞ ተቃራኒውን ጠይቁ። «በ20 ብር ቢሆን ምን ያህል ታወጣላችሁ?» መልሳቸው በቅደም ተከተል 10፣ 20፣ 30፣ 40፣ 50 ኪሎ ሆነ እንበል። ቀመሩ፣ የሚቀርበው መጠን = ዋጋ − 10 ነው።

ሁለቱን አገናኙ፦ 70 − ዋጋ = ዋጋ − 10። ዋጋ 40 ብር፣ መጠን 30 ኪሎ። በዚህ ዋጋ ሊገዛ የመጣው ያገኛል፣ ሊሸጥ የመጣውም ሸጦ ይሄዳል፤ የገበያው ሚዛን የሚባለው ይህ ነው።

ግራፉን ስትስሉ ዋጋ በቋሚው መስመር፣ መጠን በአግድሙ ይሁን። አልፍሬድ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1890 ካስለመደው ወዲህ መላው ዓለም የሚስለው እንዲህ ነው። ስታገላብጡት ነጥብ ይቀነስባችኋል።

አሁን የወረዳው አስተዳደር «ድንች ከ30 ብር በላይ እንዳይሸጥ» አለ እንበል። በ30 ብር 40 ኪሎ ይፈለጋል፣ የሚቀርበው ግን 20 ኪሎ ነው። የ20 ኪሎ እጥረት ተፈጠረ። ሰልፍ ይመጣል፤ ለዘመድ ማስቀመጥ ይመጣል፤ በጓሮ በር መሸጥ ይመጣል። ዝቅተኛ ዋጋ ቢወሰንም ድንቹን ያገኘው ሰው ቁጥር ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። ጣሪያው 50 ላይ ቢሆንስ? ምንም አይለውጥም፤ ገበያው ራሱ 40 ላይ ነውና። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ፈተና ላይ ብዙ ጊዜ ይመጣል።

5. ነጥቡ ነው የሄደው ወይስ መስመሩ?

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ጊዜ ስጡ። እንደኔ እምነት የመጀመሪያው ሴሚስተር ግማሹ ይህ ነው።

የድንቹ የራሱ ዋጋ ሲቀየር በዚያው መስመር ላይ ከነጥብ ወደ ነጥብ ትሄዳላችሁ። ሌላ ነገር ሲቀየር፣ ማለትም ገቢ፣ የሌላ ዕቃ ዋጋ፣ የሰው ምርጫ፣ የገዢ ብዛት ወይም ነገ ይሆናል ተብሎ የሚጠበቀው፣ መስመሩ ራሱ ይሄዳል። አስተማሪዎች «ቼንጅ ኢን ኳንቲቲ ዲማንድድ» እና «ቼንጅ ኢን ዲማንድ» እያሉ የሚለዩት ይህን ነው።

የጾም ወቅትን ውሰዱ። ሁዳዴ ሲገባ ለ55 ቀን ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል ከብዙ ቤት ይወጣል። የድንች፣ የሽሮ፣ የባቄላ ፈላጊ ይበዛል። በእያንዳንዱ ዋጋ ፈላጊው 20 ኪሎ ጨመረ እንበል። አዲሱ ቀመር 90 − ዋጋ ነው። ከ ዋጋ − 10 ጋር ስታገናኙት ዋጋ 50፣ መጠን 40 ይወጣል። ፍላጎቱ ወደ ቀኝ ሄደ። አቅርቦቱስ? መስመሩ አልተንቀሳቀሰም። ሻጮች በዚያው መስመራቸው ላይ ከ30 ወደ 40 ኪሎ ወጡ፤ ያወጣቸውም የዋጋው መጨመር ነው። «አቅርቦት ጨመረ» ብሎ መጻፍ እዚህ ላይ ስህተት ነው። ትክክለኛው «የሚቀርበው መጠን ጨመረ» የሚለው ነው።

አሁን ወተቱን እዩት። ደብረ ብርሃንና ሸኖ አካባቢ ወተት የብዙ ቤት መተዳደሪያ ነው። በጾም የወተት ፍላጎት ወደ ግራ ይሄዳል። ላሟ ግን ጾም ገባ ብላ መታለቧን አታቆምም። አቅርቦቱ ባለበት ስለሚቆይ ዋጋው ይወድቃል። ወተት አያድርም፤ ቅቤ ግን ያድራል። ስለዚህ ባለላሞች ወተቱን ይንጡታል፤ ለፋሲካም ያቆዩታል። ከዚህ አንድ ምልከታ ብቻ ፍላጎት ሲወርድ፣ አቅርቦት ለዋጋ ሲደነድን፣ ሰው የነገን ዋጋ አስቦ ሲያከማች፣ ሦስቱንም አገኛችሁ።

አቅርቦትን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ የግብዓት ዋጋ፣ ዝናብ፣ ቴክኖሎጂ፣ ግብር፣ የሻጭ ብዛት ነው። ማዳበሪያ ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ የብር ዋጋ ወረደ። ከውጭ የሚገባ ግብዓት በብር ሲታሰብ ሲወደድ የአቅርቦት መስመር ወደ ግራ ይገፋል። የራሳችሁ ደብተር ላይ «ማስታወሻ» ያልነው ዓምድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ ጾም ገባ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ዝናብ ቀረ፣ አዲስ እህል ወጣ። ዋጋው በተቀየረ ቁጥር አጠገቡ ምክንያቱን ታገኛላችሁ።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ከመዝገባችሁ ዋጋ የተቀየረበትን ሳምንት ምረጡ። ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ የትኛው መስመር ሄደ፣ ወዴት ሄደ፣ ዋጋና መጠን ምን ሆኑ። ዋጋም መጠንም ከጨመሩ የሄደው ፍላጎት ነው ብላችሁ ጀምሩ። ዋጋ ጨምሮ መጠን ከቀነሰ አቅርቦትን ጠርጥሩ። ሁለቱም መስመሮች በአንድ ጊዜ ከሄዱ ከዋጋና ከመጠን አንዱ እርግጠኛ ይሆናል፣ ሌላው ግን በየትኛው መስመር ይበልጥ መሄድ ይወሰናል። ያኔ «አይታወቅም» ብሎ ምክንያቱን መጻፍ ሙሉ መልስ ነው።

6. ኤላስቲሲቲ፦ ዋጋ ብጨምር ገቢዬ ይጨምራል?

ሻጭ ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። መልሱ የሚወሰነው ገዢ ለዋጋ ለውጥ ባለው ስሱነት ነው፤ ኤላስቲሲቲ የሚባለው ይኸው ነው። ስሌቱ የመጠን ለውጥ በመቶኛ፣ ሲካፈል ለዋጋ ለውጥ በመቶኛ ነው። መቶኛውን ስታወጡ የሁለቱን ቁጥሮች አማካይ ተጠቀሙ፤ ወደ ላይ ብትሄዱም ወደ ታች አንድ መልስ ይሰጣችኋል።

የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ እንውሰድ። ዋጋ ከ40 ወደ 50 ሲሄድ መጠን ከ30 ወደ 20 ወረደ። የመጠን ለውጥ 10 ለ25፣ 40 በመቶ። የዋጋ ለውጥ 10 ለ45፣ 22.2 በመቶ። ስታካፍሉት 1.8። ከ1 በላይ ስለሆነ ኤላስቲክ ነው። የሻጮች ገቢ ከ1,200 ወደ 1,000 ብር ወረደ።

አሁን ከ20 ወደ 30። መጠን ከ50 ወደ 40፦ 22.2 በመቶ። ዋጋ 40 በመቶ። ስታካፍሉት 0.56። ኢንኤላስቲክ ነው። ገቢው ከ1,000 ወደ 1,200 ጨመረ።

መስመሩ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ስሎፑም (የመስመሩ ዘመምታ) አንድ ነው። ኤላስቲሲቲው ግን ከላይኛው ጫፍ ወደ ታችኛው ይለያያል። «ስሎፕና ኤላስቲሲቲ አንድ ናቸው» የሚል አማራጭ ስታዩ አትምረጡት።

ጨው ቢወደድ ማንም ጨው መግዛት አይተውም፤ ምትክ የለውም፣ ከቤት ወጪም ትንሽ ነው። የበዓል በግ ግን ሲወደድ ቤተሰቡ ለቅርጫ ይሰበሰባል ወይም ዶሮ ይገዛል። ምትክ ሲኖርና ወጪው ከገቢ ትልቅ ድርሻ ሲይዝ ገዢ ለዋጋ ስሱ ይሆናል።

ከዚህ አንድ የሚያሳዝን እውነት ይወጣል። የሸዋ ሮቢት መስኖ ላይ ሽንኩርት ለሁሉም በአንድ ጊዜ ሲደርስ አቅርቦቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የሽንኩርት ፍላጎት ኢንኤላስቲክ ነው፤ ቤት ውስጥ ወጥ የሚሠራው ያው ነውና፣ ስለረከሰ እጥፍ አይበላም። ዋጋው በመቶኛ ሲታይ መጠኑ ከጨመረው በላይ ይወድቃል። ገበሬው ብዙ አምርቶ ትንሽ ያገኛል። አይሱዙ ላይ የተጫነ ሽንኩርት ደግሞ ብዙ ቀን አይቆይም፤ ደላላው ይህን ያውቃል። ዋጋ ሲቆርጥ ገበሬው መልሶ ሊወስደው እንደማይችል ያውቃል። ማከማቻና ተለዋጭ የመትከያ ጊዜ ለገበሬ ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ግራፍ አላውቅም።

7. ወጪና ተጨማሪ ሠራተኛ

ይህን ባጭሩ። በአንድ ማሳ ላይ ድንች የሚያወጡ ሠራተኞች ቁጥር ሲጨምር የቀኑ ምርት 3፣ 8፣ 12፣ 14፣ 14 ኩንታል ሆነ እንበል። እያንዳንዱ ሠራተኛ የጨመረው 3፣ 5፣ 4፣ 2፣ 0 ነው። መጀመሪያ ተጋግዘው ይጨምራሉ፤ ኋላ ግን መሬቱ ይጠባቸዋል። ዲሚኒሺንግ ሪተርን ይባላል። ሰነፍ ሠራተኛ መጥቶ አይደለም፤ መሬቱ ስላልጨመረ ነው።

ኩንታሉ 3,000 ብር፣ የአንድ ሠራተኛ የቀን ክፍያ 500 ብር ቢሆን አራተኛው 6,000 ብር ያስገባል፣ ይቀጠራል። አምስተኛው ምንም አይጨምርም፣ አይቀጠርም። ውሳኔው የሚያርፈው ሁልጊዜ በተጨማሪው ላይ ነው፤ በአማካዩ አይደለም።

8. ገበያው የማን ነው?

ድንች ሻጮች ብዙ ናቸው። የአንዷ ድንች ከሌላዋ አይለይም። ብቻዋን ዋጋ ብትሰቅል ገዢ ወደ ጎረቤቷ ይሄዳል። ለፍጹም ውድድር የቀረበ ገበያ ይህ ነው። መብራት ግን አቅራቢው አንድ ነው፦ ሞኖፖሊ። ቴሌኮምም በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሥራ እስኪጀምር ድረስ እንደዚያው ነበር። አሁን ሁለት ናቸው።

ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ የቢራና የብቅል ፋብሪካ አለ። ለብቅል ገብስ ሻጩ ብዙ ሺህ ገበሬ ነው፤ ትልልቅ ገዢዎቹ ግን በጣት ይቆጠራሉ። የገዢ ማነስም ልክ እንደ ሻጭ ማነስ ዋጋን እንደሚወስን አስታውሱ። ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ሲሸጡ የሚሻላቸው ለዚህ ነው።

9. ገበያ የማይዳኘው፦ ጓሳ

መማሪያ መጻሕፍት የጋራ ሀብትን ሲያስረዱ የጋራ ግጦሽ ምሳሌ ያመጣሉ። እያንዳንዱ ባለከብት አንድ ላም ሲጨምር ጥቅሙ የራሱ ነው፣ ጉዳቱ የሁሉም ነው፤ ስለዚህ ግጦሹ ያልቃል። ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ታዋቂ ያደረገው ክርክር ነው።

እኛ ግን መንዝ ውስጥ ጓሳ አለን። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ከፍተኛ ቦታ ነው። የጓሳው ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ይፈለጋል። የአካባቢው ሰው ለመቶዎች ዓመታት ቄሮ በሚባል የራሱ ሥርዓት አስተዳድሮታል። የተመረጠ ኃላፊ ነበረው። ቦታው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ሕግ የጣሰ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አዳከመው፤ በኋላ ግን ማኅበረሰቡ መልሶ በአዲስ መልክ አደራጀው።

ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው፣ እንዲህ ያሉ ማኅበረሰቦች ያለ መንግሥትና ያለ ግል ባለቤትነት የጋራ ሀብት ማስተዳደር እንደሚችሉ በጥናት በማሳየቷ ነው። የፈተና ወረቀት ላይ ለጋራ ሀብት ምሳሌ ስትጠየቁ ጓሳን ጻፉ። ማን መጠቀም እንደሚችል፣ መቼ እንደሚችልና የጣሰ ምን እንደሚደርስበት፣ ሦስቱን አብራሩ። የራሳችን ምሳሌ ነው፤ ከማንም አያንስም።

10. ከቤት ወደ አገር

ማክሮ፣ ማለትም የአገርን ኢኮኖሚ በጠቅላላ የሚያየውን ክፍል፣ ስትጀምሩ አትደንግጡ። ስለ ገንዘብ ስትማሩ አንኮበር ሥር ያለችውን ዓልዩ አምባን አስቡ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች። አሞሌ ጨውና የማሪያ ቴሬዛ ብር ይዘዋወሩባት ነበር። አሞሌ መገበያያ ነበር፣ ዋጋ መለኪያም ነበር። ሀብት ማስቀመጫነቱ ግን ደካማ ነው፤ ጨው በእርጥበት ይሟሟል። ሦስቱን የገንዘብ ተግባራት በአንድ አሞሌ ለካችኋቸው።

ለዋጋ ንረት የራሳችሁን ቅርጫት ሥሩ። 10 ኪሎ ጤፍ፣ 2 ኪሎ ሽሮ፣ 1 ሊትር ዘይት። አምና ዋጋቸው 100፣ 150፣ 200 ብር ነበር፤ ቅርጫቱ 1,500። ዘንድሮ 120፣ 160፣ 280 ሆነ፤ ቅርጫቱ 1,800። 1,800 ለ1,500 ሲካፈል 1.2፤ ንረቱ 20 በመቶ ነው። የሦስቱን ጭማሪ መቶኛ ደምራችሁ ለሦስት ብታካፍሉ 22 ገደማ ይወጣል፤ ያ ስህተት ነው። ዘይቱ 40 በመቶ ቢጨምርም ከቅርጫቱ ትንሽ ነው፤ ጤፉ ግን ብዙ ነው። የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣው የዋጋ መረጃም በክብደት የሚሠራ ነው፤ ቅርጫቱ ብቻ ነው የሚሰፋው።

ከዚያ ደመወዝ ጨምሩበት። አንድ ሠራተኛ 6,000 ብር ያገኝ ነበር፤ 6,900 ሆነለት። 15 በመቶ ተጨመረለት። 6,900 ለ1.2 ስታካፍሉ 5,750 ይወጣል። በአምናው ዋጋ ሲለካ 250 ብር ቀንሶበታል። «ደመወዝ ተጨምሮ ኑሮ አልተሻለም» የሚለው የብዙ ቤት ወሬ ይኸው ነው።

ለጂዲፒ፣ ማለትም በአገር ውስጥ ለተመረተው ሁሉ ጠቅላላ ዋጋ፣ ደግሞ ገብሱን ተከተሉ። ገበሬው ገብሱን በ30 ሸጠ፣ ብቅል ፋብሪካው በ50፣ ቢራ ፋብሪካው በ100። ሦስቱን ብትደምሩ 180 ይመጣል፤ ገብሱን ሦስት ጊዜ ቆጠራችሁት ማለት ነው። እያንዳንዱ የጨመረውን ብቻ ደምሩ፦ 30፣ 20፣ 50። መልሱ 100 ነው።

11. ፈተና ክፍል ውስጥ

ጥያቄውን አንብባችሁ ወዲያው ግራፍ ሳሉ፤ ትንሽም ብትሆን። ሁለቱን ዘንጎች ሰይሙ። የመጀመሪያውን ሚዛን ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ብቻ መስመር አንቀሳቅሱ። ቀስት አትርሱ። ጽሑፉ ከግራፉ ቀጥሎ ይምጣ፤ ምክንያት፣ የመስመር እንቅስቃሴ፣ የዋጋ ውጤት፣ የመጠን ውጤት በዚህ ቅደም ተከተል።

አንድ መልመጃ ልስጣችሁ። ከባድ ዝናብ መጥቶ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ለአንድ ሳምንት ተዘጋ። ሽንኩርት የጫኑ መኪናዎች ከሸዋ ሮቢት ወደ ላይ መውጣት አልቻሉም። የደብረ ብርሃንና የሸዋ ሮቢት የሽንኩርት ዋጋ ምን ይሆናል? መልሱን ከማየታችሁ በፊት ሁለት ግራፍ ጎን ለጎን ሳሉ።

ደብረ ብርሃን ላይ አቅርቦት ወደ ግራ ይሄዳል፤ ዋጋ ይጨምራል፣ የሚሸጠው መጠን ይቀንሳል። ሸዋ ሮቢት ላይ ግን ሊወጣ የነበረው ሽንኩርት እዚያው ስለሚቀር አቅርቦት ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ዋጋ ይወድቃል። የሁለቱ ልዩነት የሚሰፋው በማጓጓዝ ችግር ነው። መንገዱ ሲከፈት ነጋዴው ከርካሹ ገዝቶ በውዱ ስለሚሸጥ ልዩነቱ እንደገና ይጠባል፤ የሚቀረው የማጓጓዣና የድካም ዋጋ ያህል ነው። ሁለቱንም ከተሞች «ዋጋ ጨመረ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ወደ አምስተኛው ክፍል ተመለሱ።